ለጃፓን ቡና ገዢ እንዴት ይጻፋል፣ እንዴት ይነገራል? ለኢትዮጵያ ላኪዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

የኢትዮጵያ ቡና በጃፓን እንግዳ አይደለም። የይርጋጨፌና የሲዳማ ስም በቶኪዮ ቡና ቤቶች የዋጋ ዝርዝር ላይ በራሳቸው ፊደል ተጽፎ ይገኛል፤ ቤቱ ውስጥ ቆልቶ የሚሸጥ ትንሽ ነጋዴ እንኳ ጉጂ ከየት እንደሚገኝ በካርታ ላይ ያሳያል። ስለዚህ አንድ አዲስ ላኪ ከጃፓን ገዢ ጋር ሲገናኝ ስለ ቡናው ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። በዚህ ሥራ ውስጥ እንዳየሁት ከሆነ ግንኙነቱ የሚቋረጠው ቡናው መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን፣ በመካከል ሊነገር የሚገባው ነገር በጊዜው ስላልተነገረ ነው።

ነገሩን የሚያከብደው እኛና እነሱ መመሳሰላችን ነው። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ሰላምታ እንሰጣለን፤ ሽማግሌ እናከብራለን፤ ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት ይከብደናል። ይሉኝታ የሚያውቅ ሰው ጃፓናዊውን ሲያገኝ የአገሩን ሰው ያገኘ ይመስለውና ይዘናጋል። ልዩነቱ የሚገለጠው ችግር ሲፈጠር ነው። እኛ ክፉ ወሬ ጊዜና ቦታ ተመርጦለት እንዲነገር እንፈልጋለን፤ መርዶ የሚረዳው ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማልዶ ነው። ጃፓናዊው ነጋዴ ግን ክፉውን ወሬ ገና ጥርጣሬ ሳለ መስማት ይፈልጋል። የእኛ ዝምታ ለእኛ ጨዋነት ነው፤ ለእሱ መደበቅ ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ በአንድም በሌላም መንገድ ከዚህ ልዩነት ይነሳል።

1. ደብዳቤው ማን ጠረጴዛ ላይ እንደሚደርስ ይወቁ

ወደ ጃፓን የሚገባው ቡና አብዛኛው በትልልቅ የንግድ ኩባንያዎችና በቡና አስመጪዎች እጅ ያልፋል፤ ማሩቤኒ፣ ሚትሱይና ኢቶቹ ከትልልቆቹ መካከል ናቸው። ከእነሱ የሚረከቡት እንደ ዩሲሲ ያሉ ቆልተው የሚያሽጉ ድርጅቶች ናቸው፤ ዩሲሲ እ.ኤ.አ. በ1933 በኮቤ ከተማ የተመሠረተ ነው። ከእነዚህ በታች ደግሞ በየሰፈሩ ጥቂት ጆንያ ብቻ የሚፈልጉ፣ ነገር ግን ለጥራት ጥሩ ዋጋ የሚከፍሉ ቆይዎች፣ ማለትም ቡና ቆልተው የሚሸጡ ነጋዴዎች አሉ።

ይህንን ማወቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፦ ከእርስዎ ጋር የሚጻጻፈው ሰው ብቻውን አይወስንም። በጃፓን ኩባንያ ውስጥ አንድ ሐሳብ ስብሰባ ላይ ከመቅረቡ በፊት ከሚመለከታቸው ሰዎች ጋር አንድ በአንድ ይመከርበታል፤ እነሱ ነማዋሺ ይሉታል። ከዚያ ወረቀቱ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እየዞረ ይጸድቃል። ከውጭ ሲታይ ሳምንታት የሚፈጅ ዝምታ ነው፤ ውስጥ ግን ሥራ ላይ ናቸው። ስለዚህ የእርስዎ ድርሻ ለዚያ ሰው ወደ አለቆቹ ይዞት የሚወጣው ንጹሕ ወረቀት ማቀበል ነው። ስለ ቡና እጥበት ጣቢያው አንድ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ቢመጣ ሦስት የተለያዩ ክፍሎች ጠይቀዋል ማለት ነው፤ ሦስቱንም ጊዜ ያለ መሰልቸት፣ በተመሳሳይ ቁጥር ይመልሱ። ቁጥሩ ከቀድሞው ጋር ካልገጠመ ሌላው ሁሉ ይጠረጠራል።

ዛሬ ካልወሰናችሁ ለሌላ እሸጣለሁ የሚለው ግፊት በአዲስ አበባ ገበያ ውስጥ ሊሠራ ይችላል። እዚያ ግን ወረቀቱን ይዞ የሚዞረውን ወዳጅዎን በአለቆቹ ፊት ያሳፍረዋል፤ አፍሮም ይቀራል።

2. የመጀመሪያው ግንኙነት

ድንገት የተላከ ኢሜይል መልስ ላያገኝ ይችላል። የሚያስተዋውቅዎ ሰው ወይም ተቋም ይፈልጉ። የጃፓን የውጭ ንግድ ድርጅት ጄትሮ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ቢሮ አለው። ቶኪዮ ያለው ኤምባሲያችንም ይረዳል። የጃፓን ስፔሻሊቲ (ልዩ ጥራት ያለው) ቡና ማኅበር በየዓመቱ በመከር ወራት ቶኪዮ ውስጥ የሚያዘጋጀው ኤግዚቢሽን ላይ ገዢዎቹን በአካል ማግኘት ይቻላል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ናሪታ ይበርራል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 በጀመረችው የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የቡና ጥራት ውድድር ላይ ቡናው የተመዘገበለት ላኪ ደግሞ ገዢው ራሱ ስሙን አውቆ ይጠብቀዋል።

ደብዳቤው ሲጻፍ ሁለታችሁም በእንግሊዝኛ የምትጻጻፉት እንደ ሁለተኛ ቋንቋ መሆኑን አይርሱ። ብዙ ጃፓናውያን ከሚሰሙት ይልቅ የሚያነቡትን በደንብ ይረዳሉ። አጭር ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ጉዳይ ብቻ። ጥያቄ ካለዎት ቁጥር ይስጡት። ምሳሌያዊ አነጋገርና ቀልድ ይተዉ። በስልክ ከተነጋገራችሁ በዚያው ቀን የተስማማችሁበትን በጽሑፍ ይላኩ፤ ስልኩ የሚቆጠረው ጽሑፉ ሲደርስ ነው።

ስም የአጠራር ልማድ አለው። ለጃፓናዊ የሚጠራው የቤተሰብ ስሙ ነው፤ ታናካ ከሆነ ታናካ-ሳን ይባላል፤ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። በራስዎ ስም ላይ ግን ሳን አይጨምሩ። የእኛ ስም ደግሞ ያደናግራቸዋል። የአባትዎን ስም የቤተሰብ ስም ነው ብለው በእሱ እየጠሩ ወራት ሊያልፍ ይችላል፤ ፓስፖርቱ፣ ኮንትራቱና የባንኩ ሰነድ ላይ አንዱ ጋ የአያት ስም ገብቶ ሌላው ጋ ከተተወ ደግሞ ሁለት ሰው ይመስላቸዋል። በመጀመሪያው ደብዳቤ ግርጌ የራስዎ ስም የትኛው፣ የአባትዎ የትኛው እንደሆነና በየትኛው መጠራት እንደሚፈልጉ በአንድ መስመር ይንገሯቸው። ያመሰግኑዎታል፤ መጠየቅ ስለሚያሳፍራቸው ነው ያልጠየቁት።

የቦታ ስምም እንዲሁ ነው። ይርጋጨፌ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ጆንያው ላይ በሁለት ኤፍ፣ የምስክር ወረቀቱ ላይ በአንድ ኤፍ ከሆነ ጃፓናዊው «እነዚህ አንድ ቦታ ናቸው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተንኮል የለበትም። አንድ አጻጻፍ መርጠው በሁሉም ሰነድ ላይ ያንኑ ይጠቀሙ።

3. ቀንና ሰዓት

የአዲስ አበባና የቶኪዮ ልዩነት ዓመቱን ሙሉ 6 ሰዓት ነው፤ ጃፓን በበጋና በክረምት ሰዓት አትቀያይርም። የእኛ የሰዓት አቆጣጠርም ከዓለም አቀፉ በ6 ሰዓት ስለሚለይ የሚገርም ግጥምጥሞሽ ይፈጠራል፦ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሞላው የእጅ ሰዓትዎ 4 ሲል የቶኪዮው የግድግዳ ሰዓትም 4 ይላል። የእኛ ረፋድ 4 ሰዓት የእነሱ ከቀትር በኋላ 4 ነው። ለራስዎ ማስታወሻ ይህ ይጠቅማል፤ ለደብዳቤ ግን በ24 ሰዓት አጻጻፍ የቶኪዮንና የአዲስ አበባን ሰዓት አብረው ያስፍሩ።

ቢሮዎ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ሲከፈት ቶኪዮ ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት ተኩል ሆኗል። የሥራ ቀናቸው ከማለቁ በፊት ያለዎት ጊዜ ሦስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ከምሳ በኋላ የላኩት መልስ ለነሱ የነገ ጉዳይ ነው። የጃፓን ደብዳቤዎችን ጠዋት መጀመሪያ መክፈት የአንድ ቀን ትርፍ አለው።

ቀን ሲጽፉ ወሩን በስሙ ይጻፉ። 05/03 ለአንዱ መጋቢት፣ ለሌላው ግንቦት ነው፤ ጃፓናውያን ራሳቸው ዓመትን አስቀድመው፣ ከዚያ ወርን፣ ከዚያ ቀንን ይጽፋሉ። በይበልጥ ሊጠነቀቁለት የሚገባው ግን በእኛ ዘመን አቆጣጠር ብቻ ቀን የተጻፈበት ሰነድ ነው። በ2017 ዓ.ም. የታደሰ ፈቃድ ወይም ደብዳቤ ማብራሪያ ሳይኖረው ቶኪዮ ከደረሰ ዓመታት ያለፉበት ይመስላል። በኅዳጉ ላይ አቻውን ቀን አስፍረው ይላኩ። እነሱም በአገር ውስጥ ሰነዶቻቸው ላይ የራሳቸውን አቆጣጠር ስለሚጠቀሙ፣ እ.ኤ.አ. 2019ን ሬይዋ 1 ብለው ስለሚጀምሩ፣ ሲነገራቸው ወዲያው ይገባቸዋል።

በዓላትን አስቀድመው ያሳውቁ። ጃፓን ከፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ 3 ትዘጋለች፤ ሲከፍቱ የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ይደርሳል፤ ጥምቀት ይከተላል። ይህ ሁሉ የሚውለው ቡና በሚዘጋጅበት ወቅት ነው። ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ መጀመሪያ ያለው ተከታታይ በዓላቸውና በኦገስት አጋማሽ ያለው የሙታን መታሰቢያቸውም መልስ የማይገኝበት ጊዜ ነው። የዓመቱን የሁለቱን አገሮች የዕረፍት ቀናት በአንድ ገጽ አድርጎ በመስከረም የሚልክ ላኪ ገና ምንም ሳይሸጥ ታማኝነቱን ያሳያል።

«በሚቀጥለው ሳምንት» አይበሉ። ቀኑን ይናገሩ። «ችግር የለም» ማለትም ለእኛ ማጽናኛ ነው፤ ለእነሱ ግን ዋስትና የተሰጠበት ቃል ነው፤ ያስመዘግቡታል።

4. ፊት ለፊት ስትገናኙ

ከቀጠሮው አሥር ደቂቃ አስቀድመው ይድረሱ። የሥም ካርድ በሁለት እጅ፣ ጽሑፉ ወደ ተቀባዩ ዞሮ ይሰጣል፤ ሲቀበሉም በሁለት እጅ። ያንብቡት፤ ወዲያው ኪስ አይክተቱት፤ በላዩም አይጻፉበት። ስብሰባው እስኪያልቅ ባለቤቶቹ በተቀመጡበት ቅደም ተከተል ጠረጴዛው ላይ ይደርድሩት፤ ስም ለማስታወስም ይረዳዎታል። እንግዳ የሚቀመጠው ከበሩ ራቅ ባለው ወንበር ነው፤ እስኪያሳዩዎት ቆመው ይጠብቁ። የጨዋታ መክፈቻ ከፈለጉ አበበ ቢቂላ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን ያሸነፈበትን ቀን በዕድሜ ጠና ያሉት አይረሱትም። ትዳርና ልጅ ግን በመጀመሪያ ቀን አይጠየቅም።

በዚህ ክፍል አንድ ነገር ብቻ ቢይዙ ዝምታን መቻል ይሁን። ዋጋ ተናግረዋል። ማዶ ያሉት ሦስት ሰዎች ወረቀታቸውን ያያሉ። አንዱ ዓይኑን ጨፈነ። ማንም አይናገርም። ክፍሉ ጸጥ ይላል። በዚህ ጊዜ የእኛ ሰው ይጨንቀዋል፤ ዝምታው ቅሬታ ይመስለዋል፤ «እርግጥ፣ ትንሽ ልንቀንስ እንችላለን» ይላል። ማንም ቀንስ አላለውም። ሰዎቹ እያሰቡ ነበር፤ ምናልባትም የሰሙትን በልባቸው ወደ ጃፓንኛ እየመለሱ ነበር። አሁን ግን የመጀመሪያው ዋጋ እውነተኛ እንዳልነበረ አውቀዋል፤ ስለዚህ ሁለተኛውንም አያምኑም። ዋጋውን ከተናገሩ በኋላ ውኃዎን ይጠጡ፤ ይጠብቁ።

በንግግር መሐል ራሱን እየነቀነቀ «ሃይ፣ ሃይ» (አዎ፣ አዎ) የሚልዎት ሰው እየሰማሁ ነው ማለቱ ነው። ስምምነት አድርገው አይመዝግቡት።

ማታ እራት ይጋበዛሉ። ለራስዎ ብርጭቆ አይቅዱ፤ ለጎረቤትዎ ይቅዱለት፣ እሱም ለእርስዎ ይቀዳል። አልኮል ካልጠጡ በሻይ ወይም በጭማቂ ጽዋ ማንሳት ይቻላል። ጾም ላይ ከሆኑ ወይም ሙስሊም ከሆኑ ግን ከሁለት ቀን በፊት በጽሑፍ ያሳውቁ፤ «አትክልት ብቻ እበላለሁ» ማለት አይበቃም። አትክልት የሚመስለው ሾርባ ሁሉ ማለት ይቻላል ዳሺ በሚባል ከደረቅ ዓሣ በሚወጣ መረቅ ይሠራል፤ ራመን የሚባለው የኑድል ሾርባ መረቅ ብዙው ከአሳማ አጥንት ነው፤ ለማጣፈጫ የሚገባው ሚሪንም አልኮል አለበት። ቀድሞ ከተነገራቸው ምግብ ቤቱን ራሳቸው ጠይቀው ያመቻቻሉ። ገበታ ላይ ሲነገራቸው ግን እንግዳቸውን ጾም አሳደርነው ብለው ይሳቀቃሉ።

5. ያልተነገረውን እምቢታ ማንበብ

«እንመረምረዋለን»፣ «ትንሽ አስቸጋሪ ነው»፣ «በውስጥ እንነጋገርበታለን» የሚሉት መልሶች ከቀን ጋር ካልመጡ አብዛኛውን ጊዜ እምቢታ ናቸው። በጥርስ መሐል አየር እየሳበ ራሱን ዘመም የሚያደርግ ሰው ከወዲሁ ነግሮዎታል። በተቃራኒው፣ ዝርዝር ጥያቄ ሲበዛ ደስ ይበልዎ፤ ስለ ማድረቂያ አልጋው ስፋት የሚጠይቅ ገዢ መግዛት ያሰበ ገዢ ነው።

እርግጠኛ ለመሆን እንዴት ይጠየቃል? «ይሆናል ወይስ አይሆንም?» ብለው አያስጨንቁ። አማራጭ ይስጡ፦ «ከሁለቱ ናሙናዎች ለእናንተ የሚቀርበው የትኛው ነው? ሁለቱም ካልሆኑ ለሚቀጥለው ወቅት ምን ዓይነት ጣዕም ብናዘጋጅ ይሻላል?» እንዲህ ሲጠየቅ ሰውየው እምቢታውን ሳይናገር እውነቱን ይነግርዎታል። በሰው ፊት ያልተናገረውን ከስብሰባው በኋላ እራት ላይ ወይም ሊፍት ድረስ ሲሸኝዎ ሊነግርዎ ይችላል። ጆሮዎን ያቅኑ።

ይህ ምክር ወደ እኛም ይዞራል። እርስዎም «እሺ፣ እናያለን» ብለው እምቢ የሚሉ ከሆነ ሁለት ጨዋዎች ተቀምጠው ማንም ምንም ያልተናገረበት ስብሰባ ይሆናል። ማቅረብ የማይችሉትን መጠን አንችልም ይበሉ፤ ምን ያህል እንደሚችሉ ግን አብረው ይናገሩ።

6. ናሙናው ቃልዎ ነው

የላኩት ናሙና ኮንትራት ነው። አንድ ባለ ሃያ ጫማ ኮንቴይነር 320 ባለ 60 ኪሎ ጆንያ፣ ማለትም 19.2 ቶን ይይዛል፤ ጃፓናዊው ገዢ 320ኛውም ጆንያ ናሙናውን እንዲመስል ይጠብቃል። ከዕጣው፣ ማለትም በአንድ ቁጥር ከሚሸጠው ክምችት ውስጥ ምርጡን ለቅሞ መላክ መጥፎ ናሙና ከመላክ የከፋ ነው፤ ዕቃው ዮኮሃማ ወይም ኮቤ ወደብ ሲደርስ እንደገና ይቀመሳል፤ ያን ጊዜ ልዩነቱ ይገለጣል።

ከናሙናው ጋር አንድ ገጽ ያኑሩ፦ የዕጣ ቁጥር፣ ወረዳና ቀበሌ፣ ከፍታ፣ የታጠበ ወይም ያልታጠበ፣ ደረጃ፣ የእርጥበት መጠን፣ መጠኑ የተለካበት ቀን፣ እንከን ያለባቸው ፍሬዎች ቆጠራ፣ የእርስዎ ቀማሽ የሰጠው ነጥብና ያገኘው ጣዕም። ያልለኩትን ባዶ ይተዉት፤ በግምት አይሙሉት። ከዚያው ዕጣ ሁለት ኪሎ ያህል አሽገው፣ ቁጥሩን ጽፈው መጋዘንዎ ውስጥ ያስቀምጡ፤ አቤቱታ በመጣ ቀን ተመሳሳዩን ቡና እያያችሁ ለመነጋገር የሚያስችላችሁ እሱ ነው።

አቤቱታው ከመጣ ደግሞ ትንሽ መስሎ ይታይዎት ይሆናል፤ የአንዲት ጠጠር ፎቶግራፍ፣ በጎኗ መለኪያ ተቀምጦላት። «ከ19 ቶን ውስጥ አንዲት ጠጠር!» ብለው እንዳይመልሱ። ገዢው የሚጠይቀው ስለ ጠጠሯ አይደለም፤ በየትኛው ማሽን አልፋ እንደመጣች ነው። የጠጠር መለያው መቼ እንደተፈተሸ፣ ማን እንደሚቆጣጠረው፣ ከዛሬ ጀምሮ ምን እንደሚለወጥ ይጻፉለት። ሥራን ያለማቋረጥ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ የሆነው ካይዘን ወደ አገራችን ከመጣ ቆይቷል፤ የካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ከተቋቋመ ወዲህ ሥልጠናው በብዙ ፋብሪካዎች ተሰጥቷል። የጠጠሯ ደብዳቤ ያው ነው፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ነገር በተግባር ሲጠየቅ።

7. ክፉውን ወሬ ቀድመው ይናገሩ

ረጅሙን ቦታ ለዚህ የሰጠሁት ከሁሉም በላይ ስለማምንበት ነው።

ጃፓን በሜይ 2006 የምግብ ደኅንነት ሕጓን አጥብቃ፣ ወሰን ላልተቀመጠለት የፀረ ተባይ ኬሚካል ሁሉ በኪሎ 0.01 ሚሊግራም የሚል ጣሪያ አወጣች። እ.ኤ.አ. በ2008 ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ውስጥ ከተፈቀደው ያለፈ የፀረ ተባይ ኬሚካል ቅሪት ተገኘ። ጃፓን ትልቅ ገዢያችን ነበረች፤ ግዢው በአንድ ጊዜ አሽቆለቆለ። የእኛ ገበሬ በአብዛኛው ቡናውን ኬሚካል አይረጭም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ስሜት «ይህ ሊሆን አይችልም» የሚል ነበር፤ ስሜቱም የሚገባ ነው። ጥርጣሬው በመጨረሻ ያረፈው ቡናው በተሞላባቸው ጆንያዎች ላይ ነበር። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ለአንድ ላኪም ይሠራል፦ ገዢው ችግር አገኘሁ ሲል ንጽሕናን ከመከላከል በፊት ቡናው የነካውን ሁሉ፣ ጆንያውን፣ መኪናውን፣ መጋዘኑን፣ በመጋዘኑ ውስጥ ከጎኑ የተቀመጠውን ዕቃ መፈተሽ። በአትክልት ዘይት የተለሰለሰ፣ ለምግብ የተፈቀደ ጆንያ መጠቀምዎን ሳይጠየቁ በሰነድ ያሳዩ።

አሁን ወደ ዕለት ተዕለቱ እንምጣ። መኪና ጠፍቷል፤ ኮንቴይነሩ በቀኑ ጅቡቲ የሚደርስ አይመስልም። ገና አልተረጋገጠም። ልማዳችን መጠበቅ ነው፤ ምናልባት ነገ መኪና ይገኛል፣ ለምን ሰውን እናስጨንቃለን? ገዢው ግን መርከቡን ብቻ አይደለም የሚጠብቀው፤ ለቆይው ቀን ሰጥቷል፤ ቆይውም ለመደብሮች ሰጥቷል። ከሳምንት በፊት ቢያውቅ ከሌላ ክምችት ያሸጋሽጋል። በመጨረሻው ቀን ሲያውቅ ምንም አይችልም። ጃፓን ውስጥ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር መጀመሪያ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ሦስቱ ግዴታዎች ናቸው፦ ሪፖርት ማድረግ፣ ማሳወቅ፣ መማከር። ገዢው ከእርስዎም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው።

ደብዳቤው እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ በእንግሊዝኛ የሚላክ ቢሆንም አካሄዱን በአማርኛ አስቀምጬዋለሁ፦

«የኮንትራት ቁጥር … ጭነት ሊዘገይ እንደሚችል ዛሬ ስላወቅን ወዲያው እናሳውቅዎታለን። ለሚደርስብዎ ችግር ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።
1. የሆነው፦ ቡናው ተዘጋጅቶ፣ ታሽጎ መጋዘን ውስጥ ይገኛል። ወደ ጅቡቲ የሚያደርሱ መኪናዎች በቀጠሮው ቀን አልመጡም።
2. ምክንያቱ፦ አጓጓዡ በዚህ ሳምንት የመኪና እጥረት ገጥሞታል። እኛም ተጠባባቂ አጓጓዥ አስቀድመን አልያዝንም።
3. አሁን የምናደርገው፦ ከሁለተኛ አጓጓዥ ጋር እየተነጋገርን ነው። ውጤቱ ነገ ይታወቃል።
4. ሊደርስ የሚችልበት ቀን፦ ከተሳካ በመጀመሪያው መርከብ፣ ካልተሳካ በሚቀጥለው። የሁለቱም ቀን ከታች ተጽፏል።
5. እንዳይደገም፦ ከሚቀጥለው ጭነት ጀምሮ ሁለት አጓጓዦች እንይዛለን።
ቀጣዩን ሪፖርት ሐሙስ በቶኪዮ ሰዓት 15:00 እንልካለን።»

ይቅርታው ከምክንያቱ እንደሚቀድም ያስተውሉ። እኛ ብዙ ጊዜ ከዝናቡ፣ ከመንገዱ፣ ከጉምሩኩ እንጀምርና ይቅርታው መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ለጃፓናዊ አንባቢ ያ ሁሉ መግቢያ ሰበብ ፍለጋ ሆኖ ይነበባል። ሁለተኛ፣ በተራ ቁጥር 2 ላይ የራስ ጉድለት አብሮ ተነግሯል፤ ጥፋቱ ሁሉ የሌላ ከሆነ እንዳይደገም ማድረግ አይችሉምና ተራ ቁጥር 5 አይታመንም። ሦስተኛ፣ ሐሙስ አዲስ ነገር ባይኖርም «እስካሁን አዲስ ነገር የለም» የሚል ደብዳቤ መላክ አለበት። ቀን ሰጥተው በቀኑ ዝም ካሉ ያ ሁለተኛ ችግር ሆነ፤ ከመኪናው የባሰ።

የሥራ ባልደረባዎን ወይም መሥሪያ ቤትን በስም አይክሰሱ። ለገዢው እርስዎ አንድ ቤት ነዎት።

8. ገዢው ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ

ጉዞውን በጽሑፍ ያቅዱ፦ በስንት ሰዓት መነሳት፣ መንገዱ ምን ያህል እንደሚፈጅ፣ የት ምሳ እንደሚበላ፣ መጸዳጃ የት እንደሚገኝ፣ ሌሊት ምን ያህል እንደሚበርድ። ወደ ጉጂ የሚወስደው መንገድ ረጅም ነው፤ አጭር ነው ብለው አያጽናኑት። ዕቅዱ ሲለወጥ በተለወጠበት ደቂቃ ይንገሩት።

እንግዳ ተቀባይነታችን ከእነሱ ልማድ ጋር የሚጋጭበት ቦታ ገበታ ላይ ነው። ጃፓናዊ የቀረበለትን ጨርሶ መብላት አክብሮት ነው ብሎ አድጓል። እኛ ደግሞ ባዶ ያየነውን እንሞላለን። ስለዚህ እንግዳው ይጨርሳል፣ ይጨመርለታል፣ እንደገና ይጨርሳል፤ ሁለቱም ወገን በቅን ልቡ ሰውየውን ያሳምመዋል። ባለቤቶቹን አስቀድመው ያሳስቡ፣ እንግዳውንም ማስተረፍ ነውር አለመሆኑን ይንገሩት። ጉርሻ ከመስጠትዎ በፊት ይጠይቁት፤ ጥሬ ሥጋም እንዲሁ። ቡና ሲፈላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ መኖሩንና ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚወስድ ቀድሞ ካወቀ ሰዓቱን ሳያይ ይቀመጣል፤ ካላወቀ ግን ከመጀመሪያው ስኒ በኋላ ተነስቶ ያመሰግናል።

እጥበት ጣቢያው ላይ አልጋዎቹን ለአንድ ቀን ብቻ አያሰማምሩለት። የሚያየው ሥራውን ነው፤ የሚጠይቀውም ከእርስዎ ይልቅ ቡናውን በእጇ የምትለቅመውን ሴት ነው። መልሷን ራስዎ አያሳምሩ፤ እንደተናገረችው ይተርጎምለት።

9. ዋጋና ከዚያ በኋላ ያለው

የኒውዮርክ የቡና ገበያ ሲወጣና ሲወርድ ዋጋ ላይ መነጋገር የተለመደ ነው። ከተፈረመ በኋላ ግን አገር ውስጥ የእሸት ዋጋ ናረ ብሎ ኮንትራት መተው ለዚህ ገበያ የመጨረሻው ነጥብ ነው። ገዢው አይከስስዎትም ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን አይጽፍልዎትም፤ ለምን እንደሆነም አይነግርዎትም። የግዢ ዋጋዎ ከተወሰነ መጠን በላይ ከወጣ ምን እንደሚደረግ ሳይፈረም በፊት፣ በጽሑፍ ይነጋገሩ። በመጀመሪያው ዓመት ትንሽ መጠን ቢያዝዙ አይከፉ፤ ሃያ ጆንያ የጠየቀ ገዢ ሃያውን ካሟሉለት በየዓመቱ ይጨምራል።

በመጨረሻም፣ የጃፓን የበጀት ዓመት ኤፕሪል 1 ይጀምራል፤ ብዙ ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸውን የሚያዛውሩት በዚያ ሰሞን ነው። አምስት ዓመት አብሮዎት የሠራው ሰው በአንድ ኢሜይል ተሰናብቶ ወደ ብረት ወይም ወደ ስንዴ ክፍል ሊዛወር ይችላል። ምትኩን በዚያው ደብዳቤ ያስተዋውቅዎታል። በሳምንት ውስጥ ለአዲሱ ሰው ራስዎን ያስተዋውቁ፤ ያሉትን ኮንትራቶች፣ የዕጣ ቁጥሮች፣ ክፍት የቀሩ አቤቱታዎችና ከቀድሞው ሰው ጋር በቃል ብቻ የተስማሙበትን ሁሉ በአንድ ሰነድ አድርገው ይላኩለት። ለተዛወረውም የምስጋና ደብዳቤ ይጻፉ፤ ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በኋላ ወደ ቡና ክፍል አለቃ ሆኖ ሊመለስ ይችላል።